ሚስባህ ለመቀመጥ የከፈለ ዕለት

መርሳ ውስጥ ሚስባህን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት ከመኪና የወረደ እንግዳ ነው፣ ወይ ደግሞ አግብቶ የማያውቅ፣ ዘመድም ያልሞተበት ሰው ነው። የቀረነው ሁሉ፣ ስንዳርም ሆነ ስናለቅስ፣ የተቀመጥነው በእሱ ወንበር ላይ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ወንበርና ድንኳን ሲያከራይ ኖሯል። መጀመሪያ የነበረው ከባሕር ዛፍ የተመታ አግዳሚ ነበር፤ በጋሪ ጭኖ እስከ ግራና ከተማ ይወስደዋል፣ አግዳሚውም የሰርገኛውን ሱሪ ቀዳዶ ይመለሳል። ቀጥሎ ታጣፊ ብረት መጣ፤ እሱ ደግሞ ጣት ይቆነጥጥ ነበር። አሁን ሰማያዊ ፕላስቲክ ነው፤ አምስት መቶ ያህል ይሆናል። እያንዳንዱ ከመቀመጫው ሥር በቀይ ቀለም «ሚ» የሚል ፊደል ተጽፎበታል።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ዓመት ሚስባህ ራሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየው የለም።

«ወንበር አከራይ ከተቀመጠ አንድ እንግዳ ይቆማል» ይላል። ሰርግ ላይ የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፎ ይቆማል። ለቅሶ ላይ በሩ አጠገብ ይቆማል። ምግብ ሲሰጡት ሳህኑን በግራ እጁ ይዞ ቆሞ ይበላል፤ ዓይኑ ግን ከወንበሮቹ ላይ አይነሳም። አንድ ወፍራም ሰው ወደ ኋላ ተንጋሎ ሲቀመጥ ካየ ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ይቀራል። አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቶታል፤ ጉልበቱም ደረጃ ባየ ቁጥር ማጉረምረም ጀምሯል።

የልብ ወዳጁ ዘረሰናይ ነው። ወላጆቹ ከትግራይ መጥተው ወልድያ የከተሙ ናቸው፤ እሱ እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው ነግዶ፣ እዚያው ሸበተ። ሥራው ድምፅ ማጉያ ማከራየት ነው። በአካባቢው ሰርግ ካለ ወንበሩ ከመርሳ፣ ድምፁ ከወልድያ ይመጣል፤ ሁለቱም ድንኳኑ ሥር ይገናኛሉ። በዚያ ክፉ የጦርነት ዓመት የአንዱ ወንበር በሌላው ግቢ፣ የሌላው ማጉያ በአንዱ ጎተራ ተደብቆ ነው ያለፈው። ስለዚያ ግን አያወሩም። የሚያወሩት ስለ ምሕረት ነው።

ምሕረት ዘፋኝ ናት፤ የአምባሰል ልጅ፣ አምባሰልና ትዝታን እንደ እሷ የሚጫወት የለም ብለው ሁለቱም የሚምሉላት። በየሰርጉ መጀመሪያ በካሴት፣ ኋላም በፍላሽ እሷን ሲያሰሙ ነው ያረጁት። በአካል ግን አንዳቸውም አይተዋት አያውቁም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት፣ ዒዱም ፋሲካውም ካለፈ በኋላ፣ «ምሕረት በወልድያ ስታዲየም» የሚል ወረቀት መናኸሪያው ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ፣ ሚስባህ መነጽሩን አውጥቶ ሦስት ጊዜ አነበበው። ከመሸ መኪና ስለማይሄድ ዝግጅቱ የቀን ነው፤ ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ። መግቢያው ሁለት ዓይነት ነው። መደበኛው ሦስት መቶ ብር፣ ቆሞ። ቪአይፒው አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር፣ ቁጥር ባለው ወንበር ላይ ተቀምጦ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መርሳ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ክርክሩ የተነሳው ለይላ ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ዘረሰናይ በገበያ ቀን ወደ መርሳ ወርዶ፣ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ሻዩን ያማስላል። ሚስባህ እንደ ልማዱ በሩን ተደግፎ ቆሟል።

«የመቆሚያውን ሁለት ልግዛ?» አለ ዘረሰናይ።

«ለእኔ? ወላሂ አላደርገውም» አለ ሚስባህ። «ሠላሳ አንድ ዓመት የቆምኩት በነፃ ነው። ለመቆም ብር ከፍዬ አላውቅም፣ በስተርጅናም አልጀምርም።»

«ስማኝ። አንተ ወንበር ታውቃለህ፣ ድምፅ ግን እኔ አውቃለሁ። እንዲህ ባለ ቦታ ወንበር የሚደረደረው ድምፁ የሚደርስበትን አይተው አይደለም፤ ሹሙ የሚታይበትን አይተው ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው የሚሰማው ማጉያውን ነው። ሴትየዋን መስማት የሚፈልግ መድረኩ ፊት ያለው አጥር ሥር ሄዶ ይቁም።»

«አጥር ሥር ማን ደርሶ? ጎረምሳ ሲገፋህ፣ ጎረምሳ ሲረግጥህ! ወንበር ግን ቁጥር አለው። ቁጥሩ ስምህ ማለት ነው። ዘግይተህ ብትመጣም ይጠብቅሃል።»

«ሰው ካልጠበቀህ ወንበር ይጠብቅሃል?»

ለይላ ብርጭቆ እያጠበች ሁለቱንም አየቻቸው። «እኔስ የገረመኝ» አለች፣ «አንዱ ቁጭ ብሎ ቆሞ መስማት ይሻላል ይላል፤ አንዱ ደግሞ ቆሞ መቀመጥ ይሻላል ይላል። መጀመሪያ ቦታ ተለዋወጡና ከዚያ ተከራከሩ።»

ቤቱ ሳቀ፣ ክርክሩ ግን አልበረደም። የሚኒባስ ረዳቶቹ በሙሉ የመቆም ወገን ሆኑ፤ እነሱ ድሮም ተቀምጠው ሄደው አያውቁም። መምህራኑ «ለክብር ወንበር ይሻላል» ብለው በሰፊው ካስረዱ በኋላ ሄደው የመቆሚያውን ገዙ። አንድ ፍራፍሬ ነጋዴ ደግሞ የወንበሩን ገዝቶ፣ ለሚስቱ የመቆሚያውን እንደገዛ ነገራት።

ሚስባህ ቤት ውስጥ ያለው ክርክር ግን ሌላ ነበር። ባለቤቱ ዓቢዳ ወንበሩንም መቆሙንም አልደገፈችም።

«ለዑምራ ብር እናስቀምጥ ስልህ ጉልበቴ አይችልም አልከኝ። ለዘፈን ቻለ?»

«ለዚህ እኮ ነው የወንበሩን የምገዛው።»

«ጓሮህ አምስት መቶ ወንበር አለ። አንዱን አንጠልጥለህ ሂዳ!»

«ይዞ መግባት አይፈቀድም።»

ዓቢዳ የዒዱን ኮት አውጥታ ፀሐይ ላይ ሰቀለችው።

በዚያው ሳምንት ከወልድያ ስልክ ተደወለ። ሙስዐብ የሚባል ወጣት ነው፤ ዝግጅት አዘጋጅ ነኝ አለ። ለቅዳሜ አራት መቶ ወንበር ይፈልጋል።

«ምን ዓይነት ዝግጅት ነው?» አለ ሚስባህ።

«የትልልቅ ሰዎች ነው፣ ጋሼ።»

በእኛ አገር የትልልቅ ሰዎች ዝግጅት ከተባለ ሰርግ ነው፤ ሚስባህም ሌላ አልጠየቀም። ዓርብ ዕለት አራት መቶውን አይሱዙ ላይ አስጫነ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ግን ልቡ ቅር አለው። በሥራ ዘመኑ ወንበሮቹ ያለ እሱ ሄደው አያውቁም። «ነገ ማን ይቆምላቸዋል?» አለና መኪናው በሲሪንቃ መንገድ እስኪሰወር ድረስ ዳር ላይ ቀረ። ከዚያ ኪሱን ዳሰሰ፤ ትኬቱ አለ። ረድፍ አራት፣ ቁጥር አሥራ ሰባት።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ወልድያ ሲደርስ ዘረሰናይ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ሰልፍ ላይ ነበር። የመደበኛው ሰልፍ ግንቡን ዞሮ አስፋልቱን ተሻግሯል። የቪአይፒው በር ላይ ሰባት ሰው ብቻ አለ።

«አየኸው?» አለ ሚስባህ ኮቱን እያስተካከለ።

«አየሁት። መውጫው ላይ እንገናኝ» አለ ዘረሰናይ። ላቡን በእጅጌው ጠረገ።

ሚስባህ ወደ ሜዳው ሲገባ መጀመሪያ ያየው ሰማያዊ ወንበሮችን ነው። በሥርዓት፣ በሥርዓት ተደርድረዋል። «ማሻአላህ፣ ንጹሕ ዕቃ ነው፤ የማን ይሆን?» ብሎ በልቡ ቀና። ረድፍ አራትን ፈለገ፣ «17» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን አገኘ፣ ኮቱን ሰብሰብ አድርጎ ቁጭ አለ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ የሙያ ነገር ሆነበትና ተነስቶ ወንበሩን ገለበጠው። ቀይ «ሚ»። ያጠገቡን ገለበጠ። «ሚ»። የፊተኛውንም ገለበጠ።

አጠገቡ የተቀመጠች ሴት፣ «አባቴ፣ ምን ጠፋብዎ?» አለችው።

«ኧረ ምንም አልጠፋብኝም፣ ልጄ። አገኘሁት እንጂ።»

ሰርጉ ይኸው ነው ማለት ነው። አንዱን ወንበር ለቀኑ በአሥር ብር ሰጥቶ፣ መልሶ እዚያው ላይ ለመቀመጥ አንድ ሺህ አምስት መቶ ከፍሏል። መጀመሪያ ተናደደ፣ ቀጥሎ ሳቁ መጣበት፣ ከዚያ ደግሞ ያልጠበቀው ኩራት ተሰማው። ግራ ቀኙን አየ። የባንክ ሰው የሚመስሉ፣ ሽቶ የተቀቡ፣ መነጽር ያጠለቁ ሰዎች ሁሉ የእሱ እንግዶች ናቸው።

ኩራቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። የሚያዝያ ፀሐይ ፕላስቲኩን አጋለው፤ ሱሪው ተጣበቀ። መደገፊያው ወገቡ መካከል ላይ የሆነ አጥንት አግኝቶ እየወጋው ነው። ወደ ግራ ተቀመጠ፣ ወደ ቀኝ ተቀመጠ፣ እግሩን አነባበረ፣ መልሶ ፈታ። «ያ አላህ» አለ በልቡ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት ሰውን ያስቀመጥኩት እዚህ ላይ ነው?» የሀብሩ ወረዳ ሐዘንተኛ ሁሉ፣ ሦስት ሦስት ቀን የተቀመጠው፣ በዓይኑ መጣበት። እሱ ሰው የሚያለቅሰው ለሞተው ብቻ ይመስለው ነበር።

ስምንት ሰዓት አለፈ፣ ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፣ ምሕረት የለችም። ዐስር ሶላት ሲደርስ ሚስባህ አንገቱ ላይ የነበረችውን ፎጣ ወንበሩ ላይ አንጥፎ ሄደ። በሩ ላይ ካለው የውኃ ጋን ውዱእ አደረገ፣ ሰገደ፣ ተመለሰ። ረድፍ አራት ላይ አሁን ሌሎች ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ጥቁር ኮት የለበሱ፣ ውኃ የተደረደረላቸው። ፎጣው ተጣጥፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ደረቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ አስተናጋጅ ወደ እሱ መጣ።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ይህ ቦታ ተይዟል።»

«በእኔ ነዋ የተያዘው። አሥራ ሰባት ቁጥር።»

«የክብር እንግዶች መጥተው ነው። ለእርስዎ ከኋላ ቦታ አዘጋጅተናል።»

«ልጄ፣ ወንበሩ እኮ የእኔ ነው።»

«አውቃለሁ አባቴ፣ ሁሉም ከፍሏል።»

«ከፍያለሁ አላልኩም። የእኔ ነው ነው የምልህ።»

አስተናጋጁ ሽማግሌው ፀሐይ እንደመታው ሰው አየው። ክንዱን በአክብሮት ይዞ ወደ አሥራ ሁለተኛው ረድፍ ወሰደው። እዚያ ለካሜራ መቆሚያ የተሠራ የእንጨት ማማ አለ፤ ከማማው ኋላ አንድ ወንበር፣ ከወንበሩ ፊት የካሜራው ሰው ጀርባ። ሚስባህ ተቀመጠ። ስልኩ ጮኸ።

«የት ነህ?» ይላል ዘረሰናይ። ከኋላው ይጮኻሉ፣ ያፏጫሉ። «እኔ አጥሩን ይዣለሁ! መድረኩ በእጄ ነው!»

«እኔም ጥሩ ቦታ ነኝ።»

«ምን ይታይሃል?»

«ጀርባ ይታየኛል። ሰፊ ጀርባ ነው፣ አልሐምዱሊላህ።»

ምሕረት የወጣችው ወደ አሥር ተኩል ገደማ ነው። ሜዳው አንድ ላይ ጮኸ፤ ያን ጊዜ የክብር እንግዶቹ ለማየት ብድግ አሉ። እነሱ ሲቆሙ አምስተኛው ረድፍ ቆመ። አምስተኛው ሲቆም ስድስተኛው ወንበሩ ላይ ወጣ። ወዲያው ተቀምጦ የቀረው ሰው ሚስባህ ብቻ ሆነ፤ እሱም ብዙ አልቆየም፣ ከሰባተኛው ረድፍ በኩል «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማ። ያንን ድምፅ በእንቅልፉም ያውቀዋል። የወንበር እግር ነው።

«ውረዱ! ጫማችሁን እንኳ አውልቁ!» እያለ ሮጠ። ኮት የለበሰ ሽማግሌ በረድፍ መካከል ሲሮጥ ማን ይሰማዋል? «ቋ!» ሌላ። ምሕረት ሁለት ዘፈን ጨረሰች፤ ሚስባህ ከሁለቱም አንድ ስንኝ አልሰማም። በሕይወቱ ያያት ዘንድ የጓጓላት ሴት መቶ እርምጃ ላይ ቆማ ስትዘፍን፣ እሱ የሰዎችን ጫማ ነበር የሚያየው።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። የሚያዝያ ዝናብ አይለምንም። ሰው ሁሉ የቆመበትን ወንበር አነሳና ገልብጦ ጭንቅላቱ ላይ ደፋው። ሚስባህ ቀና ቢል አራት መቶ ቀይ «ሚ» ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

ዝናቡ ሲያባራ ምሕረት ማይክሮፎኑን ያዘች። ከስልሳ ዓመት ያለፈች ሴት ናት፤ በአንድ እጇ ጉልበቷን ይዛለች።

«ልጆቼ» አለች፣ «እግሬ ደከመኝ። እንግዲህ የቆየ ነገር ልጫወትላችሁ ነበር፣ እሱ ደግሞ ቆሞ አይሆንም። ይህ ሁሉ ወንበር ይታየኛል፤ ለእኔ አንድ ጠፋ?»

ሕዝቡ ሳቀ። እውነትም መድረኩ ላይ ከበሮ አለ፣ መብራት አለ፣ የአበባ ማስቀመጫ አለ፤ ወንበር ግን ማንም አላሰበም። ሙስዐብ ወዲያና ወዲህ ሲሯሯጥ ይታያል። የክብር እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እያንዳንዱ አጠገቡ ያለው እስኪሰጥ ይጠብቃል። ሌላው ሕዝብ ደግሞ ዝናቡ ቢመለስስ ብሎ ወንበሩን ጭንቅላቱ ላይ አጥብቆ ያዘ።

ሚስባህ አጠገቡ ያለውን ጎረምሳ፣ «አምጣ» አለው። ጎረምሳው ድምፁ ውስጥ ምን እንደሰማ እንጃ፣ ያለ ክርክር ሰጠው። ሚስባህ ወንበሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደፊት ሄደ። ያው አስተናጋጅ መንገዱ ላይ ቆመ።

«አባቴ፣ ወንበር ይዞ ማለፍ አይቻልም።»

«ዞር በል» አለ ሚስባህ። «ወንበር ማድረስ ሥራዬ ነው።»

አጥሩ ዘንድ ሲደርስ ከቆመው ሕዝብ መካከል ዘረሰናይ አየው። እጁን ዘረጋ። ወንበሩ ከሚስባህ እጅ ወደ ዘረሰናይ፣ ከዘረሰናይ ወደ አንድ የሚኒባስ ረዳት፣ ከዚያ ከእጅ ወደ እጅ እየተንሳፈፈ መድረኩ ላይ ወጣ። ምሕረት በቀሚሷ ጫፍ ውኃውን ጠርጋ ተቀመጠች። ወንበሩ ወደ አንድ በኩል ዘመም አለ። ምሕረት ሳቀች።

«ይኼ ወንበር ያነክሳል» አለች በማይክሮፎኑ። «ደግ ነው። እኔም አነክሳለሁ፣ እንግባባለን።»

ሕዝቡ ከኋላ ስለገፋ ሚስባህ ወደ ረድፉ መመለስ አልቻለም። አጥሩና ዘረሰናይ መካከል ተጣብቆ ቀረ፤ የዒድ ኮቱ ውኃ ያንጠባጥባል፣ አንድ ሰው እግሩን ረግጦታል። ምሕረት አምባሰሉን ጀመረች። ማሲንቆው ብቻ ይከተላታል። ሚስባህ በዚያ ሁሉ ሰርግ ያን ዜማ ሺህ ጊዜ ሰምቶታል፤ ሁልጊዜ ግን በአንድ ጆሮው ነበር፣ ሌላው ጆሮው የወንበር እግር ይጠብቅ ነበር። አሁን ወንበሮቹን ረሳቸው። ስንኙን ከመጀመሯ በፊት የምትስበውን ትንፋሽ ሰማ። ድምፅዋ ከፍ ብሎ ሲሰበርና ሲመለስ፣ ከኋላው ያለው ጎረምሳ ሁሉ ፀጥ ሲል፣ ጉልበቱን ጨርሶ አላሰበውም። ፊቱን በእጁ ጠረገ። ዝናብ ካባራ ቆይቷል።

ዘረሰናይ ለአንድ ሰዓት ያህል «አላልኩህም?» አላለም። ለወዳጅነታቸው ትልቅ ማስረጃ አድርጌ የማየው ይህንን ነው። በመጨረሻ ግን አልቻለም።

«ስንት ነበር የከፈልከው?» አለው።

«ዝም ብለህ ስማ» አለ ሚስባህ።

ማግስቱን ወንበሮቹ መርሳ ተመለሱ። ሃያ ዘጠኙ ተሰብረዋል። ሙስዐብ፣ እግዜር ይስጠው፣ ሳይከራከር ካሳውን ከፈለ፤ «ጋሼ፣ ከረድፍ አራት የተነሱት እርስዎ መሆንዎን ባውቅ ኖሮ…» ብሎም ጀምሮ ነበር። ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር፤ አንድ ሰው ስልኩ ላይ የቀረጸው ሳይሰራጭ ቢቀር። ምሕረት ሰማያዊ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ «ያነክሳል» ስትል፣ ስትስቅ። በሳምንቱ ከግራና አንድ የሙሽራ አባት ደወለ። ለእሑድ መቶ ወንበር ይፈልጋል፤ አንዱ ግን ምሕረት የተቀመጠችበት ይሁንልኝ አለ፣ ለሙሽራዋ።

ሚስባህ ጓሮ ገባ። ከወልድያ የተመለሱት ወንበሮች ታጥበው ለብቻ ተደራርበዋል፤ ሁሉም ሰማያዊ፣ ሁሉም «ሚ»። የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል? በማንከሱ ነዋ። አንዱን አወረደ፣ ተቀመጠበት፣ ተወዛወዘ። አላነከሰም። ሌላ አወረደ። ከቀትር እስከ ዐስር ሶላት ድረስ ሦስት መቶ ሰባ አንዱም ላይ ተቀመጠ። ዓቢዳ ጥላ ሥር ቆማ ብዙ ካየችው በኋላ፣ «አብሽር፣ አይዞህ፣ ደህና ነህ?» አለችው።

«ምሕረትን እየፈለግሁ ነው።»

«አገኘሃት?»

«አርባ ሦስቱ ያነክሳሉ።»

አርባ ሦስት የሚያነክስ ወንበር ሲያከራይ እንደኖረ ያወቀውም ያን ቀን ነው። መጀመሪያ አዘነ። ከዚያ በዚያው እሑድ ሐራ ላይ ሰርግ ያለው ሌላ ሰው ያንኑ ወንበር ፈልጎ ሲደውል፣ ሐዘኑ ቀለል አለው። ለሁለቱም እሺ አለ።

«ውሸት አይሆንም?» አለች ዓቢዳ።

«እኔ ይሄ ነው አላልኩም። ‹ከዚያን ዕለት ወንበሮች አንዱ ነው› ነው ያልኩት። እነሱ የሰሙት ሌላ ከሆነ ምን ላድርግ?»

እሑድ ሁለቱም ሰርግ ተደገሰ። ግራና ላይ ሙሽራዋ ስትቀመጥ ወንበሩ ዘመም አለ፣ ድንኳኑም በእልልታ ተናጋ። የሐራው ግን በጥድፊያ የተጫነ ነበርና ደህና ወንበር ሆኖ ተገኘ። ሰኞ ጠዋት የሙሽራው አጎት ደውሎ፣ «አራቱም እግሩ እኩል የሆነ ወንበር ልከህ አዋረድከን» ብሎ ሚስባህን ክፉኛ ወቀሰው።